ከጠገራ ብር እስከ ዲናር፦ የሮማ እቴጌዎችን መልክ ፍለጋ

ማክሰኞ

ሮም የገባሁት ከቀትር በኋላ ነው። እዚህ ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ የኖረችው የአክስቴ ልጅ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ መጥታ ተቀበለችኝ፤ ከሰላምታው በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «እውነት ለሳንቲም ብለህ ነው የመጣኸው?» የሚል ነበር። አዎን፣ ለሳንቲም ብዬ ነው። ለስድስት ቀን የያዝኩት ዕቅድ የሮማ እቴጌዎች መልክ የተቀረጸባቸውን የብር ዲናሮች ማየትና በጀርባቸው ያሉት የአማልክት ምስሎች የሚጠቁሟቸውን ቦታዎች በእግር መዞር ብቻ ነበር።

ይህ ፍላጎት ያደረብኝ በልጅነቴ ነው። አያቴ አንጥረኛ ነበሩ። በሥራ ቤታቸው ውስጥ የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ ነበር። የኦስትሪያዋ እቴጌ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ መመታቱን የቀጠለውና 28 ግራም ገደማ የሚመዝነው ይህ ብር በአገራችን ለረጅም ዘመን የገበያ ገንዘብ ሆኖ ኖሯል። አያቴ ግን የሚፈልጉት ብርነቱን ነበር፤ አብዛኛውን ያቀልጡታል፣ አንዳንዱንም ሳያቀልጡ እንዳለ እየቆረጡ የአንገት መስቀል ያወጡበታል። የአንዲት ሴት መልክ በብር ላይ ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ ከዚያ ሥራ ቤት አብሮኝ ወጣ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አመሻሽ ላይ ሻንጣዬን አስቀምጬ ወደ ጣቢያው አካባቢ ተመለስኩ። ከፊቱ ያለው ሰፊ ስፍራ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል፤ አምስት መቶ የተባሉት በጥር 1887 በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የኢጣልያ ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው ከዚያው አጠገብ ባለች አነስተኛ የአትክልት ስፍራ ውስጥ ይገኛል። ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም በ1937 ከዚሁ እግር ሥር እንዲቆም ተደርጎ ነበር፤ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1960ዎቹ ነው። እኔ ግን በዚህ ምሽት የሄድኩት ስለ ዶጋሊ ብዬ አልነበረም። በመታሰቢያው ላይ የቆመው የድንጋይ ሐውልት የግብፁ የዳግማዊ ራምሴስ ነው፤ ሮማውያን ወደ ከተማቸው አምጥተው በግብፃዊቷ አምላክ በኢሲስ ቤተ መቅደስ አቁመውት ኖሮ፣ ከወደቀ በኋላ በ1883 ከመሬት ውስጥ ተቆፍሮ ወጣ። ይህችን ኢሲስ በአንዲት ሶርያዊት እቴጌ ዲናር ጀርባ ላይ ልፈልጋት ስለሆነ፣ ጉዞዬን ከእርሷ ደጅ በመጣ ድንጋይ ሥር መጀመር ወደድኩ።

ረቡዕ

ጠዋት ከጣቢያው ማዶ ወደሚገኘው ፓላዞ ማሲሞ ገባሁ። የሮማ ብሔራዊ ሙዚየም አካል የሆነው ይህ ሕንፃ የሳንቲም ክምችቱን የሚያሳየው ምድር ቤት ውስጥ ነው። እዚህ ያለው ሁሉ ጥንታዊ አይደለም። ትልቁ የመካከለኛውና የዘመናዊው ኢጣልያ ሳንቲሞች ክፍል በአንድ ሰው የተሰበሰበ ሲሆን፣ ያም ሰው ከ1936 ጀምሮ ራሱን «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ብሎ ያስጠራው ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ሦስተኛ ነው። ከመቶ ሺህ የሚበልጠውን ስብስቡን በ1946 አገሩን ለቆ ሲሰደድ ለኢጣልያ ሕዝብ ትቶት ሄደ። የሰውን ዙፋን ለመውሰድ የደፈረ ንጉሥ ሳንቲምን እንዲህ በትዕግሥት ሲለቅምና ሲመዘግብ መኖሩ ግራ አጋባኝ፤ ሆኖም ጉዳዬ ከእርሱ አሥራ ሰባትና አሥራ ስምንት መቶ ዓመት ገደማ ቀድመው ከኖሩት ሴቶች ጋር ስለነበር ፈጥኜ አለፍኩት።

ዲናር ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ ቃል አይደለም። ስለ ግብር የተጠየቀው ጌታ ያስመጣው ሳንቲም ዲናር መሆኑን ከወንጌል እናውቃለን። ብዙዎች ያ ሳንቲም የጢባርዮስ ቄሣር ነው ብለው ያምናሉ። በዚያ የጢባርዮስ ዲናር ፊት ላይ የንጉሡ ራስ አለ፤ በጀርባው ደግሞ በትረ መንግሥትና የወይራ ቅርንጫፍ ይዛ የተቀመጠች ሴት አለች። ሴቲቱ የሰላም አምላክ ትመስላለች፤ ይሁን እንጂ የጢባርዮስ እናት ሊቪያ በዚህች አምላክ አምሳል እንደተቀረጸች የሚያምኑ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው። በጽሑፉ ላይ ስሟ የለም። የአውግስጦስ ሚስት፣ የጢባርዮስ እናት፣ በዘመኗ ከሁሉ በላይ የተፈራች ሴት በብሩ ላይ የምትታየው ስም የለሽ ሆና ነው። ከሙዚየሙ ላይኛው ፎቅ ከእርሷ የገጠር ቤት ግድግዳ ተነቅሎ የመጣ የአትክልት ሥዕል አለ፤ ሮማን፣ ወፎች፣ ሰማያዊ ሰማይ። እዚያ ወጥቼ ተቀመጥኩና በሳንቲሙ ላይ ያጣኋትን ሴት በሥዕሏ መካከል ፈለግኋት።

እቴጌዎች በራሳቸው ስምና መልክ የብር ዲናር በብዛት ማግኘት የጀመሩት ዘግይቶ ነው። የሁለተኛው ምዕተ ዓመት ዲናሮች ወደ ተደረደሩበት መስታወት ስመለስ ማጉያዬን አውጥቼ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። እያንዳንዱ ከ3 ግራም ትንሽ የሚበልጥ፣ ስፋቱም ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይለይ ነው። የተሠራውም በእጅ ነው፤ የጋለውን የብር ክብ በሁለት የተቀረጹ ብረቶች መካከል አድርገው በመዶሻ ይመቱታል። ስለዚህ ምስሉ አንዳንዴ ወደ ጎን ይሸሻል፣ የእቴጌዋ ስም ጫፉ ላይ ይቆረጣል፣ አንዲቱ አምላክ እግር ሳይኖራት ትቀራለች። ያንን ሳይ የአያቴን መዶሻ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

ከሩቅ የሚለዩት በፀጉራቸው ነው። ትልቋ ፋውስቲና ጉንጉኗን ከአናቷ ላይ እንደ አክሊል ትከምራለች። ልጅዋ ትንሿ ፋውስቲና ፀጉሯን አለስልሳ ከማጅራቷ ላይ ትቋጥራለች። ሶርያዊቷ ዩሊያ ዶምና ደግሞ ሞገድ በሞገድ የሆነ፣ የራስ ቁር የሚያህል ፀጉር ተሸክማለች። ፀጉሩ ከተለየ በኋላ ሳንቲሙን ገልብጦ ማንበብ ነው። ቬኑስ ፖም ይዛ ከመጣች ስለ ውበትና ስለ ጋብቻ፣ ዩኖ ከጣዎስዋ ጋር ከቆመች ስለ ሕጋዊ ሚስትነት፣ ሴሬስ ችቦና የስንዴ ዛላ ከያዘች ስለ ጥጋብ፣ ቬስታ የመሥዋዕት ማንኪያዋን ከዘረጋች ስለ ቤትና ስለ ከተማ እሳት ይነገራል። እቴጌዋ ራሷ አንድ ቃል አትናገርም፤ ከእርሷ የሚፈለገውን የምትናገርላት የጀርባዋ አምላክ ናት።

ይህ እንደ ግዴታ ደብተር የገባኝ በትንሿ ፋውስቲና ሳንቲሞች ፊት ነው። የኋላው ንጉሠ ነገሥት የማርቆስ አውሬልዮስ ሚስት የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በኅዳር 30 ቀን 147 ነው፤ አውግስታ የሚለውን የክብር ስም ያገኘችውም በማግስቱ ነው። ከዚያ በኋላ ቢያንስ አሥራ ሁለት ልጆች ወልዳለች፤ አብዛኞቹ ግን በሕፃንነታቸው ሞቱ። «ፌኩንዲታስ» ማለትም ለምነት የሚል ጽሑፍ ባለባቸው ዲናሮቿ ላይ የለምነት አምላክ ሕፃናት ታቅፋ፣ ሌሎቹም ከእግሯ ሥር ቆመው ይታያሉ። በ161 መንትዮች ስትወልድም ዙፋን ላይ ሁለት ሕፃናት የተቀመጡበት ዲናር ወጣ፤ ጽሑፉም «የዘመኑ ደስታ» ይላል። ከሁለቱ አንዱ በአራት ዓመቱ ሲሞት፣ የቀረው በጭካኔው የታወቀው ንጉሠ ነገሥት ኮሞዶስ ነው፤ በዘመኑ የነበረውን ደስታ ታሪክ ያውቀዋል።

ሐሙስ

ዛሬ ከጠዋት እስከ ማታ በጥንቱ የከተማዪቱ አደባባይ፣ በሮማ ፎረም ውስጥ ዋልኩ፤ ፀሐዩ ብርቱ ነበር። መጀመሪያ የሄድኩት ወደ እንጦንዮስና ፋውስቲና ቤተ መቅደስ ነው። 17 ሜትር ቁመት ያላቸው አሥር ዓምዶቹ እንደቆሙ ናቸው፤ ከኋላቸው ግን የክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶበታል። የቤተ ክርስቲያኑ በር ከደረጃው ራስ እጅግ ከፍ ብሎ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል፤ ሲሠራ የአካባቢው መሬት በአፈር ተሞልቶ እስከዚያ ከፍታ ይደርስ ነበርና።

ትልቋ ፋውስቲና በ140 መጨረሻ ገደማ ስትሞት ባሏ ንጉሠ ነገሥት እንጦንዮስ ፒዮስ ከአማልክት ጋር እንድትቆጠር አስወሰነ። ይህ ቤተ መቅደስ የተጀመረው ለእርሷ ብቻ ነው። ግንባሩን ቀና ብላችሁ ብታነቡት የእርሷ ስም ከታች፣ የእርሱ ከላይ ነው፤ የላይኛው የተጨመረው እርሱ ራሱ በ161 ከሞተ በኋላ ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ «ዲቫ ፋውስቲና»፣ ማለትም መለኮታዊት ፋውስቲና የሚል እጅግ ብዙ ሳንቲም ስለተመታ፣ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ከሚገኙት የእቴጌ ዲናሮች የእርሷ በብዛት ከግንባር ቀደሞቹ ናቸው። አንዳንዶቹ ይህንኑ ቤተ መቅደስ ከነዓምዶቹ ያሳያሉ፤ «ኤቴርኒታስ» የሚሉት ዘላለማዊነትን ይሰብካሉ፤ «ኮንሴክራቲዮ» በሚሉት ላይ ደግሞ የዩኖ ወፍ የሆነችው ጣዎስ ትታያለች። ነገሥታቱን ወደ ሰማይ የሚያደርሳቸው ንስር ሲሆን እቴጌዎቹን በአብዛኛው ጣዎስ ታደርሳቸዋለች። ከሞት በኋላ እንኳ መጓጓዣው በፆታ የተለየ ነው።

እንጦንዮስ በሚስቱ ስም ለድኻ ልጃገረዶች የሚሆን ድጎማ አቋቁሞ ነበር፤ «የፋውስቲና ልጃገረዶች» የሚል ዲናርም ተመቶለታል። ሳንቲሙ ብርቅ በመሆኑ በዚህ ጉዞ አላየሁትም። ከሁሉም አስቀድሜ ማየት የምፈልገው ግን እርሱን ነበር፤ ምክንያቱም በእቴጌ ዲናር ጀርባ ላይ አማልክት ሳይሆኑ ሰዎች፣ ያውም የድኻ ልጆች የሚታዩበት ነው።

ጥቂት እርምጃ ሄድ ሲሉ የቬስታ ቤተ መቅደስ ቁራጭና ከጎኑ የደናግሉ ቤት ይገኛል። የቬስታ ደናግል ሠላሳ ዓመት በድንግልና እሳቱን ይጠብቃሉ፤ ድንግልናዋን ያጎደለች ከነሕይወቷ ትቀበራለች። በ191 ገደማ ቤተ መቅደሱ በእሳት ሲጋይ እንዲታደስ ያደረገችው ዩሊያ ዶምና ናት፤ በሳንቲሞቿ ላይ ቬስታ ደጋግማ የምትታየውም ያለ ምክንያት አይደለም። እዚያው የተሰበረ ግንብ ጥላ ሥር ተቀምጬ ዩሊያ አኩዊሊያ ሴቬራን አስታወስኩ። እርሷ ከእነዚህ ደናግል አንዷ ነበረች። በ220 ወጣቱ ንጉሠ ነገሥት ኤላጋባሉስ ከዚህ ቤት አውጥቶ አገባት፤ ከተማዪቱም ደነገጠች። ዲናሯ ግን «ኮንኮርዲያ» ይላል፤ ስምምነት ማለት ነው። በሮማ ብር ላይ ስምምነት የሚለው ቃል ሲደጋገም ጠብ እንዳለ መጠርጠር ይገባል።

ይህ ልጅ የዩሊያ ዶምና የእህቷ የልጅ ልጅ ሲሆን፣ በሶርያዋ ኤሜሳ የፀሐይ አምላክ ካህን ነበር። የአምላኩን ምስል፣ ሾጣጣ ጥቁር ድንጋይ፣ ይዞ ሮም ገባና ከፊት ለፊቴ በሚታየው በፓላቲን ኮረብታ ላይ ቤተ መቅደስ ሠራለት። በዲናሩ ላይ ድንጋዩ አራት ፈረሶች በሚስቡት ሠረገላ ላይ ሆኖ፣ ዙሪያውን አራት ጃንጥላ ተዘርግቶለት ሲሄድ ይታያል። በእምነት የሚያገናኘን ነገር የለም፤ ግን በጥምቀት ዋዜማ ጃን ሜዳ ወርዶ የማያውቅ ሰው ያንን ምስል እኔ ባየሁት ዓይን የሚያየው አይመስለኝም። ሮማውያኑ ትዕይንቱን አልወደዱትም። በመጋቢት 222 ልጁን ከእናቱ ከዩሊያ ሶኤሚያስ ጋር ገደሏቸው። የእርሷ ዲናር «ሰማያዊት ቬኑስ» የሚል ነበር።

ዓርብ

ዛሬ ወደ ቬላብሮ ወረድኩ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጎን ተጣብቃ የቆመች አነስተኛ ቅስት አለች፤ በ204 የብር ለዋጮችና የከብት ነጋዴዎች ለንጉሠ ነገሥት ሴፕቲሚዮስ ሴቬሮስ ቤተሰብ ያሠሯት ናት። ዲናርን በየቀኑ ሲቆጥሩ፣ ሲመዝኑና ሲመረምሩ የሚውሉ ሰዎች የእቴጌዋን መልክ በድንጋይ ሲያሠሩ ምን እንዳሳዩ ለማየት ጓጉቼ ነበር። በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ሴቬሮስ ራሱን ተከናንቦ በመሠዊያ ላይ መሥዋዕት ያፈስሳል፤ ዩሊያ ዶምና ከጎኑ ቆማለች። ከእርሷ ቀጥሎ ግን ባዶ ስፍራ ነው። ጌታ የሚባለው ታናሽ ልጅዋ በወንድሙ በካራካላ እጅ በ211 ሲገደል ምስሉም ተፍቆ ጠፋ። በፊት ለፊቱ ግድግዳ ካራካላ ብቻውን ይሠዋል፤ ከጎኑ የነበሩት ሚስቱ ፕላውቲላና አባቷ ተፍቀዋል። እናቲቱ በዚያ ጉድጓድ አጠገብ እስከ ዛሬ ቆማለች።

ፕላውቲላ ከአባቷ መገደል በኋላ ተሰድዳ በመጨረሻ ተገደለች። በድንጋይ ላይ ልትታይ አልተፈቀደላትም፤ በብር ላይ ግን አለች። ከካራካላ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ የቆመችበት፣ «የመንግሥት ዘር» የሚል ዲናሯ በየሙዚየሙና በየሻጩ ጠረጴዛ ይገኛል። ቅስት አንድ ስለሆነ ጠራቢ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል፤ ከእንግሊዝ እስከ ሶርያ በየሰው መቀነት የተቋጠረን ብር ግን ማን ለቅሞ ይጨርሰዋል?

ከሰዓት በኋላ በካፒቶሊኒ ሙዚየም የሐድሪያን ሚስት ሳቢና ወደ ሰማይ የምታርግበትን የድንጋይ ቅርጽ አየሁ። ከሚነደው እሳት በላይ ክንፍ ያላት ሴት ተሸክማት ትወጣለች፤ ባሏ ከታች ተቀምጦ ይመለከታል። በዲናሯ ላይ ይኸው ታሪክ በአንድ ንስርና በአንድ ቃል ብቻ ተነግሮ ያልቃል። ከሙዚየሙ ወጥቼ ወደ ጎን ያለውን የኮረብታ ጫፍ አየሁት፤ የሮማ የመጀመሪያው የሳንቲም መምቻ ቤት የነበረው እዚያ፣ በዩኖ ሞኔታ ቤተ መቅደስ አጠገብ ነው። ፈረንጆቹ ገንዘብን የሚጠሩበት ስም ከዚህች አምላክ ቅጽል መምጣቱ ይታወቃል። ብሩ ገና ሳይመታ ጀምሮ የአንዲት ሴት አምላክ ጎረቤት ነበር ማለት ነው።

ማታ ከራት በኋላ የአክስቴ ልጅ «የንግሥት እሌኒስ የለም?» ብላ ጠየቀችኝ። መስቀሉን ካስቆፈረችው ንግሥት የምትጠብቀው መስቀል ያለበት ብር ነበር። ዛሬ በብዛት የሚገኙት የእሌኒ ሳንቲሞች ግን የመዳብ ናቸው፤ በጀርባቸውም ቅርንጫፍ የያዘች ሴት ቆማ «የመንግሥት ደኅንነት» ይላሉ። መስቀል የለባቸውም። ቅር አላት።

ቅዳሜ

ሳንቲም በእጅ ካልተያዘ በሙሉ አይታወቅምና ወደ አንድ የአሮጌ ሳንቲም ነጋዴ ሱቅ ሄድኩ። ሰውዬው ሽማግሌ ናቸው፤ የማልገዛ መሆኔን ገና ሲያዩኝ ያወቁ ይመስለኛል፣ ሆኖም ከመሳቢያቸው አንድ በአንድ እያወጡ በጥቁር ጨርቅ ላይ ደረደሩልኝ።

አንዱን ዲናር ጠርዙን ይዤ አገላበጥኩት። ኢሲስ እዚያ ነበረች፤ ዩሊያ ዶምና በፊቱ፣ በጀርባው ደግሞ አንድ እግሯን በመርከብ አፍንጫ ላይ አሳርፋ ሕፃኑን ሆረስን የምታጠባ እናት። ፊቷ ተልጧል፤ ሕፃኑን የታቀፈችበት ክንድ ግን ጥርት ብሏል። ጽሑፉ በትንሿ ፋውስቲና መንትዮች ላይ የነበረው ያው «የዘመኑ ደስታ» ነው። ይህቺ እናት ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯት፤ ታናሹ የተገደለው በእርሷ እቅፍ ውስጥ እንደሆነ የዘመኑ ጸሐፊ ካስዮስ ዲዮ ጽፏል። ሳንቲሙ የተመታው ያ ከመሆኑ በፊት ነው። ይህን እያወቅሁ ያንን ክንድ ለማየት ከበደኝ።

ነጋዴው ቀጥለው ሦስት ሳንቲሞች ጎን ለጎን አስቀመጡ። የትልቋ ፋውስቲና ነጭ ነው፤ ከአምስት እጅ አራቱ ገደማ ብር ነው። የዶምና ዳመን ያለ ነው፤ ባሏ ለወታደር ደመወዝ ሲል ብሩን ወደ ግማሽ ገደማ አውርዶታል። ሦስተኛው በ260ዎቹ የነበረችው የእቴጌ ሳሎኒና ነው፤ የዶምና ልጅ ካራካላ በ215 ያስጀመረው፣ የእቴጌዋ ከደረት በላይ ያለው ምስል በጨረቃ ላይ የሚያርፍበት ትልቁ ዓይነት ሳንቲም። ቀለሙ የመዳብ ነው፤ በዚያ ዘመን መጨረሻ ብሩ ከመቶ አምስት እጅ በታች ወርዷል። በጀርባው ግን አሁንም ዩኖ፣ አሁንም ቬስታ፣ አሁንም ቬኑስ ናት። አያቴ ቢሆኑ ጽሑፉን አያዩም፤ ድንጋይ ላይ ጣል አድርገው ድምፁን ሰምተው ይመልሱት ነበር። ሽማግሌው ይህን ስነግራቸው ሳቁና አንድ የእቴጌ ሉኪላ ዲናር አወጡ፤ ከጠርዙ በኩል ቀይ መዳብ ብቅ ብሏል። በዚያው በጥንቱ ዘመን በብር የተለበጠ ሐሰተኛ ነው።

ከሁሉ መጨረሻ የተበሳ ዲናር አሳዩኝ፤ በአንገት ታስሮ የኖረ ነው። እርሱን ሳይ በኤርትራ መጠራ በነሐስ ዕቃ ውስጥ የተገኘውን ሀብት አሰብኩ፤ 14 የሮማ የወርቅ ሳንቲሞች ከወርቅ መስቀሎች ጋር፣ ሳንቲሞቹም ለአንገት ጌጥ ተሠርተው። ዲናርም ቢሆን ወደዚያ ባሕር መድረሱ ተጽፏል፤ የመጀመሪያው ምዕተ ዓመት የግሪክ ነጋዴዎች መመሪያ በአዱሊስ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች ጥቂት የሮማ ገንዘብ ይገባ እንደነበር ይናገራል። አክሱም በኋላ የራሷን ወርቅ፣ ብርና መዳብ ስትመታ የቀረጸችው ነገሥታትን እንጂ እቴጌዎችን አልነበረም፤ መስቀሉን ግን በዒዛና ዘመን ከቀደሙት ጋር ቀድማ አኖረችው።

እቴጌና መስቀል በአንድ ብር ላይ ሲገናኙ ያየሁት በነጋዴው የጨረታ መጽሐፍ ፎቶግራፍ ነው፤ የአምስተኛው ምዕተ ዓመት የቁስጥንጥንያ ሳንቲም፣ በፊቱ እቴጌ ፑልኬሪያ፣ በጀርባው በአክሊል መካከል መስቀል። ቬኑስም ዩኖም ሄደው ስፍራቸውን መስቀል ይዞታል። ፑልኬሪያ ማለት በእኛ መጻሕፍት ብርክልያ የምትባለው፣ በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት የዲዮስቆሮስ ወገኖች ስሟን በመልካም የማያነሱት ንግሥት ናት። መስቀሉን እያየሁ ስሟን ሳነብ እጄን ከመጽሐፉ ላይ ቶሎ ማንሳቴን አስተዋልኩ። ሳልገዛ ወጣሁ፤ የኢሲሱን ዲናር ከየት እንደተገኘ የሚያስረዳ ወረቀት አልነበረውምና፣ ባይሆን ኖሮ ኪሴ ይፈተን ነበር።

እሑድ

አውሮፕላኔ ማታ ስለሆነ ጠዋት ከአክስቴ ልጅ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ ደጅ ላይ ቆመን ሻይ ስንጠጣ በነጠላዋ ሥር ያለውን የአንገት መስቀል እንድታሳየኝ ለመንኳት። አያቴ ለእናቷ የሠሩት፣ እርሷም ወደ ኢጣልያ ስትመጣ እናቷ ከአንገታቸው አውጥተው የሰጧት ነው። በልጅነቴ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ገልብጬው ግን አላውቅም ነበር።

ማጉያዬን አወጣሁ። ከቀለጠው ሳይሆን እንዳለ ከተቆረጠው ወገን ነው። በፊቱ ላይ የተጫረው ጌጥ አለ፤ በጀርባው የግራ ክንፍ ላይ ደግሞ መዶሻውም ሞረዱም ያልደረሱበት ሁለት ሦስት የተጠማዘዘ የፀጉር መስመርና የአንድ የላቲን ፊደል ግማሽ ቀርቷል። የአክስቴ ልጅ ማጉያውን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችና «ይህን ሁሉ ዓመት አንዲት ፈረንጅ አንገቴ ላይ ነበረች?» አለችኝ፤ ከዚያም መስቀሉን ሳመችውና መልሳ ነጠላዋ ሥር ከተተችው። አውቶቡሱ እየመጣ ነበር።